የእናቴን ዲስክ የሚያነብ ድራይቭ

ደሴ ላይ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ዲስኩን ከእጄ ተቀብሎ ገለበጠው፣ ፊቱን አየበትና መለሰልኝ። «እህቴ፣ ሲዲ ሲዲ ነው። ይሄ ማሽን ያላነበበውን ሌላ ማሽን አያነበውም» አለኝ። አላመንኩትም። ግን ከመካነ ሰላም ድረስ በዚያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ተንገላትቼ፣ አቀስታ ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ቀምሼ የመጣሁት ባዶ እጄን ለመመለስ አልነበረም። የሸጠልኝን ዲቪዲ ራይተር በፌስታል አንጠልጥዬ ተመለስኩ። ቤቴ ገብቼ ላፕቶፑ ላይ ስሰካው ዲስኩን ትንሽ አሽከረከረ፣ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ ከዚያ ዲስክ ያስገቡ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ዲስኩን ሆዱ ውስጥ ይዞ ዲስክ አምጪ ይለኛል!

በሳምንቱ እንደገና ሄድኩ። ሰውዬው ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱ ተቀያየረ። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና ዲስኬ ብሉሬይ ነው፣ ያንተ ማሽን የሚያነበው በቀይ ብርሃን ነው፣ ብሉሬይ ላይ የተጻፈው ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሰማያዊ ብርሃን ካልሆነ አያየውም አልኩት። ሰውዬው ሳቀብኝ።

«ታዲያ ምን ያደክምሻል? ወርውሪውና ተገላገይ። ዛሬ ሁሉ ነገር በስልክ ሆኗል።»

«አንተ እናትህን በስልክ ቀርጸሃታል?» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ እናቴ አለች።»

«የኔ የለችም። ያለችው እዚህ ላይ ነው። በል ዕቃህን ተቀበለኝ።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዘወር ብለው አዩኝ። ይዩኝ። ዕቃውን እስኪቀበለኝ ድረስ ከመደርደሪያው ፊት ንቅንቅ አላልኩም። ሲቀበለኝም እያጉረመረመ ነው።

እኔ መካነ ሰላም ውስጥ ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈትና ጉርድ ፎቶ የምሠራባት አንዲት ክፍል ያለችኝ ሴት ነኝ። ከዚያ በፊት ዐረብ አገር የሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ኮምፒውተሩን የተማርኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ እልህ ነው ያስተማረኝ። «ከዐረብ አገር የመጣች ሴት ምን ታውቃለች፣ ድስት ማጠብ ነው እንጂ» የሚል ሰው ስለማይጠፋ። የዲስኩም ነገር ያው እልህ ነው፣ አልደብቅም። ግን ከእልህም የባሰ ነገር ነበረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ዐረብ አገር ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ አገባ። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ለሰርጉ ከደሴ ቪዲዮ ቀራጭ መጣ። ያ ቀራጭ አዲስ ካሜራ ገዝቶ ነበርና ካሜራው የሚያነሳውን ጥራት ተራ ዲስክ አይችለውም፣ በብሉሬይ ነው የማወጣላችሁ አለ። ቤተሰቡም በደስታ ተቀበለው። ብሉሬይ የሚከፍት ማሽን መካነ ሰላም ይቅርና ወረኢሉም ኩታበርም ብትዞር እንደማይገኝ የነገራቸው የለም። ቀራጩ ሁለት ቅጂ አወጣ። አንዱ ቤት ቀረ። ሁለተኛው እኔ ወዳለሁበት አገር በምትመጣ የሰፈር ልጅ እጅ፣ ከበሶና ከድርቆሽ ጋር ታሽጎ ደረሰኝ።

የማዳሜ ልጆች የጌም ማሽን ነበራቸው፤ ብሉሬይ ይከፍታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሳይኖሩ ማዳሜን ለምኜ ፈቀደችልኝ። «ግን ድምፁን አጥፊው፣ እናቴ ተኝታለች» አለች። እሺ አልኩ። የወንድሜን ሰርግ፣ ከበሮውንም፣ እልልታውንም፣ መንዙማውንም እንደ ዲዳ ሆኜ አየሁት። ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ድምፅ የለም። መጨረሻው ላይ ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ፣ እናቴ ብቻዋን መጣች። ከጓዳ፣ ከጎታው አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እኔ የላክሁላትን ቀሚስ ለብሳለች። ወደ ካሜራው፣ ማለት ወደ እኔ፣ ትክ ብላ አየችና መናገር ጀመረች። ብዙ ተናገረች። አንዴ ጣቷን አነሳች፣ አንዴ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። ወደ ኋላ መልሼ፣ ጆሮዬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አጣብቄ፣ በትንሹም ቢሆን ድምፅ ከፍቼ ልሰማት ስል ማዳሜ መጣችና ካውያው ይጠብቅሻል አለችኝ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ማሽኑን ሰበሩት። በቃ፣ ያ ዕድል ዳግም አልመጣም።

በስልክ ጠየቅኳት። ስልኩ የወንድሜ ነበር፤ ቤታችን ሌላ ስልክ አልነበረም፤ እናቴም በእጇ ይዛ ማውራት ስለማትችል ወንድሜ ድምፁን ለሁሉም ከፍቶ ይይዝላታል። «እማ፣ በቪዲዮው ምን ነበር ያልሽኝ? ድምፁን አልሰማሁትም» አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያልኩ ሳለ «ዱዓ ነዋ ልጄ፣ ሌላ ምን እላለሁ» አለች። ከዚያ ሁልጊዜ የምትለኝን አለችኝ፤ «አብሽሪ፣ ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ፣ ኮንትራትሽን ጨርሽ።»

ኮንትራቴ ሲያልቅ ማዳሜ እንደገና እንድፈርም ፈለገች። ወንድሜም ደወለ። «እማ አንድ ኮንትራት ትጨምር ብላለች። ቤቱ ገና ቆርቆሮ አልለበሰም» አለኝ። እናቴም ከአጠገቡ ሆና «ፈርሚ ልጄ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠን ብሎ። እኔ ግን በቃኝ። ወገቤ ተቆርጧል፣ እጄን በረኪና በልቶታል፣ በዚያ ላይ ሰው ሆኜ መኖር አምሮኛል። እምቢ አልኩ። ተሳፍሬ መጣሁ። ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። የምመጣበትን ቀን ሰምተው ሊቀበሉኝ የተሰበሰቡ መሰለኝ። መርዶ ሊነግሩኝ ነበር። እናቴ ከቀናት በፊት ታማ ሞታ ነበር፤ መንገድ ላይ እንዳልሰማ ብለው ደብቀውኛል።

ለቅሶው ላይ ነው ስሙ የወጣልኝ። አንዲት አክስቴ እያለቀሰች፣ እንደ ሙሾ አድርጋ፣ «የእናቷን ቃል ያፈረሰች ልጅ» አለችኝ። ወንድሜም አላስተባበለም። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ እኔ የእናቷን የመጨረሻ ቃል እምቢ ብላ የመጣች ሴት ነኝ። በተጣላሁ ቁጥር ይነሳብኛል፤ ባላገባሁ ቁጥር ይነሳብኛል፤ ዝናብ ሲጠፋ እንኳን የሚያነሳብኝ አይጠፋም። በአደባባይ «እንኳንም መጣሁ» እላቸዋለሁ። ለብቻዬ ስሆን ግን እናቴ ተቀይማኝ ሞታ ይሆን ወይ የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። መልሱ ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ያንን ዲስክ ልወረውር?

ስለዚህ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን፣ ድራይቭ የሚሉትን፣ መምረጥ ጀመርኩ። ጠያቂም መካሪም አልፈለግኩም፤ ዐረብኛ አውቃለሁ። ኢንተርኔቱ ላይ ስለ ብሉሬይ ድራይቭ በዐረብኛ የሚያስረዱ ሰዎች ሞልተዋል። ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ ደንበኛ ሳይኖር ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ስሰማቸው ዋልኩ። ለዓመታት በዐረብኛ የሰማሁት አጥቢ፣ ጥረጊ፣ ነይ፣ ሂጂ ነበር። አሁን ስለ ሌዘር፣ ስለ ሞተር፣ ስለ ኃይል ማስተላለፊያ የሚያወሩትን ቁጭ ብዬ እየሰማሁ፣ ያልገባኝን ወደ ኋላ እየመለስኩ ሳስደግማቸው ደስ አለኝ።

ሁለት ዓይነት እንዳለ ገባኝ። አንደኛው ቀጭን ነው፤ እንደ መጽሐፍ በብብት የሚያዝ፣ ከላፕቶፑ በአንድ ገመድ ኤሌክትሪክ የሚጠባ። ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ ጡብ የሚያክል፣ የራሱ የመብራት ገመድ ያለው። መካነ ሰላም መብራት ሲፈልግ የሚሄድ ሲፈልግ የሚመጣ ስለሆነ ማንም ሰው ቀጭኑን ግዢ ይለኛል። መብራት ቢጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ይሠራላ። እኔ ግን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አየሁት። የኔ ዲስክ አዲስ አይደለም። በሻንጣ ተንከራትቷል፣ ተጭሯል፣ አርጅቷል። እንዲህ ያለውን ዲስክ ለማንበብ ማሽኑ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ሲሞክር ደግሞ ኃይል ይፈልጋል። ቀጭኑ በላፕቶፑ ትርፍራፊ የሚኖር ነው፤ ኃይል ሲያንሰው መሐል ላይ ይንገዳገዳል። በሰው ትርፍራፊ መኖር ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ወፍራሙን መረጥኩ። መብራት ሲጠፋ እጠብቃለሁ፣ ሲመጣ እቀጥላለሁ።

ማንበቢያ ብቻ ነው ወይስ የሚጽፍም የሚለውም ነበር። የሚጽፈውን አልኩ፤ ካነበብኩ በኋላ በአዲስ ዲስክ ላይ እንደገና ላወጣው እችላለሁ። ሰዎቹ በጣም የሚጨቃጨቁበት ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ የፊልም ዲስክ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉን የሚፈቅድ ድራይቭና የማይፈቅድ ድራይቭ አለ፣ የትኛው ነው የሚሻለው እያሉ ይሰዳደባሉ። እሱን ዘለልኩት። የእናቴን ንግግር የቆለፈበት የፊልም ኩባንያ የለም።

ዕቃውን ያስላክሁት አብራኝ እዚያ በሠራች ጓደኛዬ በኩል ነው። አሁንም እዚያው አለች። የፈለግኩትን ዓይነት በፎቶ ላክሁላት። በድምፅ መለሰችልኝ፤ «ምነው አንቺ፣ አበድሽ? ሰው ከዚህ ወርቅና ሽቶ ያስልካል፣ አንቺ የብረት ሳጥን!» አለች። ቀጭኑን ልላክልሽ፣ ይዛልሽ ለምትመጣው መንገደኛም ይቀላታል አለች። እምቢ፣ ወፍራሙን አልኳት። ተሳድባ ላከችልኝ።

ድራይቩ የመጣ ቀን ሱቄን ከውስጥ ዘጋሁ። ዲስኩን አስገባሁ። ዝም አለ። ከዚያ ዝቅ ያለ፣ የወፍጮ ዓይነት ድምፅ አሰማና የዲስኩ ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። የወንድሜና የሚስቱ ስም፣ ከመሐሉ ልብ ተሥሎበት። የተበላሸውን ቦታ ዘልሎ ደህናውን ቀድሞ የሚቀዳ፣ በኋላ ወደ ተበላሸው ተመልሶ ቀስ እያለ የሚታገል ፕሮግራም አውርጄ ነበር፤ እሱን ለቀቅኩት። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። በየመሐሉ እየተቋረጠ፣ ካቆመበት እየቀጠለ ሰርጉን አወጣልኝ። የከበሮው ድምፅ ሱቄን ሞላው። ለመጀመሪያ ጊዜ እልልታውን ሰማሁ።

እናቴ መጣች። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አፏን ከፈተች። «ሰውየው» አለች፣ ከዚያ ምስሉ ቀጥ አለ።

ዲስክ የሚጻፈው ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር ነው። ሰርጉ ዲስኩን እስከ አፍ ጢሙ ሞልቶታል፤ የመጨረሻው ነገር የተጻፈው በዲስኩ ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ደግሞ ሰው በጣቱ የሚይዘው፣ ሻንጣ የሚፈገፍገው ቦታ ነው። ድራይቩ በዚያች ጠርዝ ላይ ሲታገል ዋለ። አንዳንድ ፍርፋሪ አወጣ፤ ብዙውን ግን አላወጣም። ያለው ተስፋ አንድ ነበር። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ በኔ ዲስክ ላይ የጠፋው ቦታ በቤቱ ዲስክ ላይ ደህና ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ የጎደለውን ብቻ ከሌላው ቅጂ ይሞላዋል። የቤቱን ዲስክ ማግኘት አለብኝ ማለት ነው።

የቤቱ ዲስክ ግን ዲስክ መሆኑ ቀርቶ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ወንድሜ፣ የእማ ዱዓ ያለበት ነው ብሎ፣ በቅቤ በታሸ ቆዳ እንደ ክታብ አሰፋው። ዙሪያውን አሰፍቶ፣ ማንጠልጠያ አበጅቶለት፣ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ማንም አይቶት የማያውቅ ዱዓ በረካ ወጣለት። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ፓስፖርታቸው ሲወጣ እየመጡ ቆዳውን በእጃቸው ይነካሉ፣ እጃቸውን ፊታቸው ላይ ያብሳሉ፣ ወንድሜም «እናታችን ለልጇ ያደረገችው ዱዓ ነው፤ ሶብር ይሰጣችኋል» ይላቸዋል። ዲስክ በቅቤ ታሽቶ በቆዳ ሲሰፋ ያየሁት የኛ ቤት ብቻ ነው።

ሄጄ ጠየቅኩት። ግቢ ውስጥ በሬ እያሰረ ነበር።

«ስፌቱ አይፈታም» አለኝ። «ስፌቱ ከተፈታ ዱዓውም ይፈታል።»

«ዱዓው ከቆዳው ነው እንዴ? ከውስጥ ያለውን ሰምተኸው ታውቃለህ?»

«ምን መስማት ያስፈልገዋል? ለአንቺ ሶብር እንዲሰጥሽ ነው የለመነች። አንቺ አልሰማሻትም እንጂ።»

«እንግዲያ ልስማት!»

«ትታሽ ከሄደች በኋላ ነው የምትሰሚያት? በሕይወቷ ሳለች እምቢ ብለሽ?»

እዚያው በሬው ፊት ጮህኩበት። እሱም ጮኸብኝ። በሬው ገመዱን በጠሰ። ሚስቱ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ሁለታችንንም አየችን። ባዶ እጄን ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን እያወራሁ፣ የምመልስለትን መልስ ሁሉ ለድንጋዩ እየመለስኩ።

በገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ የወንድሜ ሚስት ሱቄ ገባች። የእንቁላል ቅርጫቷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ከገለባው ሥር እጇን ከትታ ዲስኩን አወጣችው። ስፌቱ ተተርትሯል፤ ቆዳውም አብሮ አለ።

«አንች ነሽ የተረተርሽው?» አልኳት።

«በምላጭ» አለች። «እትዬ፣ እኔም'ኮ ሰርጌን አይቼው አላውቅም። ስንት ዘመኔ ነው ሰርጌ ከምሰሶ ተሰቅሎ ሳየው የምኖር። ደሞ የጎረቤታችን ልጅ ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ ነገ ልትነካው ትመጣለች። ምን እንደሆነ የማላውቀውን ነገር ንኪ ልበላት?»

ይቺ ሴት በኔ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አቅፌ ሳምኳት።

ዲስኩ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በለሰለሰ ጨርቅ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየሳብኩ አጠብኩት። ዙሪያውን እየተሽከረከሩ ማሸት አይቻልም፤ ጭረቱ ጽሑፉን ተከትሎ ብዙ ነገር ያጠፋል። ሰው ቤት ብዙ ዕቃ አጥቤያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ ያጠብኩት የለም። የዲስኩ መሐል ተበላሽቶ ነበር፤ የቅቤው ቅባት ለዓመታት የተኛበት እዚያ ነው። እሱ ግን አላስጨነቀኝም፣ መሐሉ ከኔ ዲስክ ወጥቷል። ጠርዙ ላይ መርፌው ቅርብ ያለፈበት ቦታ ጫር ጫር ብሏል እንጂ ደህና ነበር። ድራይቩ ውስጥ አስገባሁት። የጎደለውን ብቻ እንዲፈልግ አዘዝኩት። የወንድሜ ሚስት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የዚያን ቀን መብራቱ፣ ከየት እንደመጣለት እንጃ፣ አንዴም አልጠፋም። ጎደሎው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሞላ።

ከፈትኩት። እናቴ መጣች። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አፏን ከፈተች።

«ሰውየው፣ ባለ ካሜራው፣ ያን በር ዝጋው። ዘጋኸው? …ልጄ፣ ደህና ነሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ። ይሄ ነገር ካንች ዘንድ ይደርሳል ብለውኛል። ስልኩ የኔ አይደለም፣ ታውቂያለሽ። ሶብር አድርጊ የምልሽ ሰው ቆሞብኝ ነው። ወላሂ፣ የሆዴን አይደለም። ቤቱም ይቅር። ቆርቆሮውም ይቅር። ቆርቆሮ እናት ይሆናል? ቆርቆሮ ልጅ ይሆናል? እንደገና ፈርሚ ቢሉሽ እምቢ በይ። እኔም በስልክ ፈርሚ ብልሽ፣ እኔንም እምቢ በይኝ። ሰማሽ? እኔንም እምቢ በይኝ። በይ፣ አላህ በሰላም ያግባሽ።»

ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። ተነሳች። አለቀ።

የወንድሜ ሚስት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ታለቅሳለች። እኔ መጀመሪያ አላለቀስኩም። ሳቅሁ። እንደ እብድ ሳቅሁ፣ ከዚያ ነው ያለቀስኩት። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ቃል አፍራሽ ተብዬ ኖሬ፣ ለካ የእናቴን ቃል የጠበቅኩላት እኔ ብቻ ነኝ!

ወንድሜ ሳይመሽ መጣ። ምሰሶው ባዶ መሆኑን አይቶ፣ ከገበያ የሚመለሱትን ሰዎች ጠይቆ፣ ሚስቱ እኔ ጋ መሆኗን ሰምቶ ነው። በሩን በርግዶ ገባ። በእጁ ዱላ ይዟል፤ ሊመታ አይደለም፣ የከብት ዱላው ነው። ቆዳውን ጠረጴዛው ላይ ተተርትሮ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። ሊናገር ሲል አላስጀመርኩትም። «ተቀመጥ» አልኩት። አልተቀመጠም። እንደቆመ ከፈትኩለት።

ቆሞ ሰማት። «ሰው ቆሞብኝ ነው» ስትል ዱላውን ከግድግዳው አስጠጋ። ሲያልቅ አንዴ ድገሚው አለኝ። ደገምኩለት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«የቆምኩባት እኔ ነኝ» አለ። «ስልኩን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ።»

አጽናናሁት? አላጽናናሁትም። ሰው ሁሉ በለቅሶዬ ላይ ሲሰድበኝ እሱ ዝም ብሎ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ሚስቱ ውኃ ቀድታ ሰጠችው፣ ጠጣ።

ሲሄዱ ቆዳውን አነሳ። አቧራውን አራገፈለት፣ አጣጠፈው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያ አድርጎ ለምኖኝ በማያውቅበት አነጋገር ተናገረኝ።

«እህቴ፣ እንግዲህ አንቺም ሰማሽ፣ እኔም ሰማሁ። ሐቅሽ ነው። ለአክስታችንም እኔው እነግራታለሁ። ግን ዲስኩን ስጪኝና መልሼ ላሰፋው። ነገ የሰው ልጅ ልትነካው ትመጣለች፤ ልትሄድ የተነሳችን ልጅ ልብ አንስበር። እንዳለ ይሁን፣ ይሄን ሌላ ሰው አይስማው።»

ሚስቱ እኔን አየችኝ። ዲስኩ ገና ድራይቩ ውስጥ ነበር።

እምቢ አልኩት። ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ እምቢ ብያለሁ፤ ለእናቴ እየታዘዝኩ መሆኔን አውቄ ያልኩት ግን ያን ቀን ነው።